ከ«ወላጅ አምጣ» በፊት፦ ወላጅና ክፍል ስለሚገናኙበት መንገድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ትንንሽ ልጆችን ሳስተምር ይኸው 14ኛ ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ በመንግሥት፣ አሁን በግል ትምህርት ቤት። አብዛኛውን ጊዜ የ2ኛ ክፍል ስም ጠሪ ነኝ። በየመስከረሙ አዲስ ስም ጠሪ የሆኑ መምህራን የሚጠይቁኝና ወላጆች በር ላይ ይዘውኝ የሚያነሱት ነገር ከዓመት ዓመት ብዙ አይለያይም። እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አብዛኛው መልስ የተጻፈው ለመምህር ነው፤ ወላጅ ቢያነበው ግን ደስ ይለኛል።

ወላጅ ስለ ክፍሉ ምን ያህል ማወቅ አለበት?

ሁሉንም ማወቅ አያስፈልገውም። የሳምንቱን የትምህርት ዕቅድ ከነሰንጠረዡ ፎቶ አንስታ የምትልክ ባልደረባ ነበረችኝ። «ተማሪዎች ከክፍለ ጊዜው በኋላ…» ብሎ የሚጀምረውን ያንን ወረቀት አጉልቶ ያነበበ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ወላጅ የሚፈልገው ልጄ ሰሞኑን ምን እየተማረ ነው፣ ከእኔ ምን ይጠበቃል፣ ልጄ ደኅና ነው ወይ የሚለውን ነው። የመጨረሻውን አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፤ «ስንተኛ ነው?» በሚል ጥያቄ ይሸፍነዋል። ወደ ታች እመለስበታለሁ።

በመስከረም ግን አንድ ረዘም ያለ መልእክት ግድ ነው። አደረጃጀቱ ተቀይሯል፤ አንደኛ ደረጃ አሁን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሲሆን 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል። የትምህርት ዓይነቶቹም ወላጁ በልጅነቱ የሚያውቃቸው አይደሉም። ግብረ ገብ ለብዙ ወጣት ወላጆች አዲስ ነው። «ክወና ማለት ምንድን ነው ቲቸር?» ብሎ ያልጠየቀኝ ወላጅ ጥቂት ነው። ትያትሩን፣ ዜማውን፣ እንቅስቃሴውን የሚያጠቃልል መሆኑን በሁለት መስመር ጽፎ መላክ፣ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ከማስረዳት ይገላግላል።

ቴሌግራም እያለ ኮሙኒኬሽን ደብተር ምን ያደርጋል?

ቴሌግራም በየክፍሉ ሥር የሰደደው በኮሮና ነው። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ዎርክሺት የምንልከው በእሱ ነበር፤ ሲከፈቱም በዚያው ቀጠልን። ምቹ መሆኑን አልክድም። ፎቶም ድምፅም ይይዛል፤ ወላጅ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያየዋል። ነገር ግን በ2015 ከየካቲት ጀምሮ ለ5 ወር ገደማ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ሲል፣ የክፍሌ ግማሽ ወላጅ ድንገት ጠፋብኝ። ያኔ ያወጣን ያው ልጆቹ ቦርሳ ውስጥ የሚጨማደደው ደብተር ነበር።

እኔ ሥራቸውን ከፋፍዬላቸዋለሁ። ገንዘብ፣ ፈቃድ ወይም ቀጠሮ ያለበት ነገር በደብተር ይሄዳል፤ ፊርማ ይጠይቃልና። የሳምንቱ ትምህርት በቴሌግራም ይላካል። በየቀኑ ፊርማ የሚያስፈርሙ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እኔ አልወደውም። በየቀኑ የሚፈርም ሰው ማንበብ ያቆማል። ከዚያም የባሰ ነገር ይመጣል፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ግሩፕ ልክፈት ወይስ ቻናል?

ቻናል፣ ያውም በሊንክ ብቻ የሚገባበት። ግሩፕ ላይ «እሺ ቲቸር»፣ «እናመሰግናለን»፣ «መልካም ሰንበት» እየተደራረበ የነገው ፈተና ማስታወቂያ 60 መልእክት ሥር ይቀበራል። ወላጆቹም ሰለቸን ብለው ሚዩት ያደርጉታል፤ አልፈርድባቸውም። በዚያ ላይ ግሩፕ ውስጥ ወላጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። ቻናል ላይ የሚለጥፈው መምህሩ ብቻ ነው፤ ወላጁ መልስ ካለው ለብቻ ይጽፋል። ግሩፕ የግድ ከተከፈተ ደግሞ የማንኛውም ልጅ ስም በክፉም በደግም አይነሳበት። «የእኔን ልጅ እገሌ እየነከሰው ነው» የሚል አንድ መልእክት የሁለት ቤተሰብ ጠብ ሲሆን አይቻለሁ።

የሳምንቱ መልእክት ምን ይምሰል?

አብዛኛው ትምህርት ቤት የሚልከው ይህን ይመስላል፦ «የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን በቤት ውስጥ በትምህርታቸው እንድትከታተሉና እንድታግዙ በአክብሮት እናሳስባለን።» ጨዋ ዐረፍተ ነገር ነው። ግን ያቺ ከመርካቶ ደክሟት የገባች እናት ዛሬ ማታ ምን ታድርግ?

አምና ኅዳር ላይ የላክሁትን ልገልብጥላችሁ፦

«በዚህ ሳምንት በአማርኛ ‹ተ›ን ከ‹ጠ› እየለየን ነው። ማታ እራት ሲቀርብ ልጅዎን ‹መጣ› እና ‹መታ› አንድ ናቸው ወይ ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ‹ተራ› እና ‹ጠራ›ን ያስጽፏቸው። 5 ደቂቃ ይበቃል። ከተሳሳቱ አይቆጡ፤ ቃሉን ራሳቸው ጮክ ብለው ሲያነቡት ይሰሙታል።»

በማግስቱ አንዲት ተማሪዬ «ከበረ» እና «ቀበረ»ን ከቤት ይዛ መጣች፤ ከአባቷ ጋር ሆነው ነው ያገኙት። «አያቴ ተከበረ» ብላ ጽፋ «ተቀበረ» ብታደርገው ምን ሊሆን እንደሚችል ለክፍሉ ስታስረዳ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ‹ከ› እና ‹ቀ›ን እኔ ማስተማር አላስፈለገኝም።

ሒሳብ ላይ ደግሞ የሰሌዳውን ፎቶ ላኩ። ተበድሮ መቀነስን እኛ የምናስተምረው የክብሪት እንጨት በአሥር በአሥር አስረን ነው፤ 42 ሲቀነስ 17 ሲባል ልጁ ከ4ቱ እስሮች አንዱን ይፈታል፣ 12 ነጠላ እንጨት ይኖረዋል፣ ከዚያ 7 ያነሳል። ወላጁ ይህን ካላየ በራሱ መንገድ «አንድ ተበደር፣ በአናቱ ጻፍ» ይለዋል፤ ልጁም «ቲቸር እንደዚህ አላለችም» ብሎ ያለቅሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የተጣሉት ስላልተነጋገርን ነው።

የዝግጅት ማስታወቂያ ከስንት ቀን በፊት ይነገር?

ወጪ ካለበት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ዓመት የኅዳር 29ኙን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን «ነገ ሁሉም ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው ይምጡ» ብዬ የላክሁት ዋዜማውን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። በማግስቱ ሦስት ልጆች ቀሩ። አንደኛው በዩኒፎርም መጣና ቀኑን ሙሉ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከሁሉም ኋላ ቆመ፤ ፎቶ ሲነሱ ጫማውን የሚያስር መሰለ። እናቱ ከጎረቤት ልትዋስ በር ስታንኳኳ አምሽታ አጥታ ነበር።

አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ኅዳር 29 የባህል ቀን ነው። ነጠላ፣ ጥለት ያለው መቀነት፣ ወይም ከቤተሰብ የተገኘ ማንኛውም ነገር ይበቃል። እባካችሁ አዲስ አትግዙ።» «አትግዙ» የሚለው ቃል ከትምህርት ቤት ሲመጣ ወላጅ ትከሻው ሲቀል ይታያችኋል። የትምህርት ጉዞም፣ የልደት ኬክም፣ የመምህራን ቀን ስጦታም በዚሁ ይለካል። ስጦታውንማ ጭራሽ ባናነሳው።

ስብሰባ ስትጠሩም ሰዓቱን አስቡበት። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት የጁምዓ ሶላት ነው። ቅዳሜ ለመንግሥት ሠራተኛ ይመቻል፤ ለነጋዴ ግን ዋናው የገበያ ቀን ነው። እኔ ሁለት አማራጭ እሰጣለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ወይም ሰኞ ልጆቹን ሲያደርሱ።

ቀንና ሰዓት እንዴት ልጻፍ?

በሀበሻ አቆጣጠር፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን ሳትዘሉ፣ የሳምንቱንም ቀን ጨምራችሁ። «ሰኞ ኅዳር 29 ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሲባል የሚሳሳት የለም። ከውጭ ሆኖ የሚከታተል ወላጅ ካለ የፈረንጁን ቀን ጨምሩለት፤ ግን በግምት አታድርጉት። ኅዳር 29 አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 8 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን 9 ይሆናል። በ2016 ይኸው ነገር አንዲት እናት ቀኑ ካለፈ በኋላ «ዛሬ እንዴት ነበር?» ብላ እንድትደውል አድርጓል… ይቅርታ፣ በተቃራኒው ነው፤ አንድ ቀን ቀድማ ነው የደወለችው። እኔንም እስካሁን ያምታታኛል።

ልጁ ከአያቱ ጋር ነው፤ አያቱ አያነቡም፣ እናት አረብ ሀገር ናት። ለማን ልንገር?

ለሁለቱም። ለአያት በድምፅ፣ ለእናት በጽሑፍና በፎቶ። ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ድምፅ ቀርጹ፦ «እማማ እንደምን ዋሉ? የልጁ አስተማሪ ነኝ። ዛሬ ጥሩ ውሏል። ለሐሙስ ባለ ቀለም እርሳስ ያስፈልገዋል፤ ከሌለ ግድ የለም፣ ከእኛ ይወስዳል።» በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው በእርጋታ ተናገሩ፤ ሰላምታውን አትዝለሉ። ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ስማርት ስልክ ከሌላቸው ደውሉ፤ ካልሆነም ልጁ ደብተሩን ራሱ ያንብብላቸው። ለ2ኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የተሻለ የንባብ ልምምድ የለም፤ መልእክቱን ሊያነበው በሚችለው ቃል መጻፍ ግን የእናንተ ሥራ ነው።

እናትየዋን በተመለከተ፣ ሪያድና ጂዳ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድመናል። ችግሩ ግን የሰዓት ልዩነቱ አይደለም። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ስልኳን የምታገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ጨርሳ ማታ ነው፤ ስለዚህ መልስ በሌሊት ቢመጣ አይግረማችሁ። በወር አንዴ የደብተሩን አንድ ገጽ ፎቶ እልክላታለሁ። አንዷ የመስከረሙንና የጥሩን ጎን ለጎን አድርጋ «የ‹ሸ› ቀንዱ ተስተካከለ አይደል ቲቸር?» ብላኛለች። እኔ አላየሁትም ነበር።

እና «ወላጅ አምጣ» ማለት ይቅር?

አይቀርም፤ የሚያስጠራ ነገር አለ። ግን የዓመቱ የመጀመሪያ ቃላችሁ እሱ አይሁን። ሁላችንም ያደግነው «ነገ ወላጅ ሳታመጣ እንዳትመጣ» እየተባልን ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ስልክ ሲጠራ እስከ ዛሬ ድረስ ወላጅ ልቡ ይደነግጣል፤ «ምን አጠፋ?» ብሎ ነው የሚያነሳው።

እኔ እስከ መስቀል ሰሞን ስለ እያንዳንዱ ልጅ አንድ መልካም ነገር ለቤቱ ለመጻፍ እሞክራለሁ። «50 ልጅ ይዤ እንዴት ብዬ?» ትሉኛላችሁ። በቀን 5 ልጅ፣ በ10 የትምህርት ቀን ያልቃል። አንድ መስመር ነው፦ «ዛሬ አጠገቡ ላለው ልጅ ላጲስ አዋሰ።» ሐሰት አትጻፉ፤ ልጁ ያውቃል። ከዚያ በኋላ በጥር ስለ ጠብ ብትደውሉ ወላጁ ከጎናችሁ ሆኖ ይሰማችኋል።

ቅሬታ ስትጽፉ ደግሞ ወረቀቷ ምን ይዛ እንደምትገባ አስቡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ መሆኑን ይደነግጋል። እኛ እጃችንን ሰብስበን «ልጅዎ አስቸግሯል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ከላክን ግን፣ ቀበቶውን በአባቱ እጅ አስይዘናል ማለት ነው። «ዛሬ ከጓደኛው ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ተነጋግረን ታርቀዋል። ቤት ውስጥ አይቅጡት፤ ምን እንደተሰማው ብቻ ይጠይቁት» ብላችሁ ጻፉ።

መጀመሪያ ደግሞ ልጁን ራሱን ጠይቁ። አንድ ተማሪዬ «ትናንት ምን ሆነ?» በሚል ርዕስ «አባዬ ማታ መታ» ብሎ ጽፎ አየሁ። ደነገጥኩ። ደብተሩን ይዤ ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ልሄድ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩና «እስኪ አንብብልኝ» አልኩት። ጣቱን እያስኬደ፣ ፊቱ እየበራ፣ «አባዬ ማታ መጣ» አለኝ። አባቱ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ገብቶ ነበር።

ካርድ ቀን ላይ «ስንተኛ ወጣ?» ሲሉኝ ምን ልበል?

ትምህርት ቤቱ ደረጃ የሚያወጣ ከሆነ ትነግራላችሁ፤ መደበቅ አይቻልም። ነገር ግን ካርዱን ከመስጠታችሁ በፊት የልጁን ሁለት ሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፤ አንዱ የመስከረም፣ አንዱ የሰሞኑ። መጀመሪያ ያንን አሳዩ። አማካይ 84 አምጥቶ 17ኛ ስለወጣ በሰው ፊት የተኮረኮመ ልጅ አይቻለሁ፤ ያቺ 84 በሌላ ክፍል 5ኛ ልታስወጣው ትችል ነበር። ደረጃው ስለ ሌሎቹ 16 ልጆች እንጂ ስለ እሱ ብዙ አይናገርም።

ዋናው ግን ካርዱ ማንንም ማስደንገጥ የለበትም። ንባብ የከበደው ልጅ ካለ ወላጁ በጥር መጨረሻ ከካርድ ላይ ሳይሆን ጥቅምት ላይ ከእናንተ አፍ ይስማ። ለእያንዳንዱ ወላጅ 7 ወይም 8 ደቂቃ መድቡ፤ ሌሎች ሰልፍ ይዘው በሚሰሙበት ቦታ አታናግሩ። ልጁም ይቀመጥ እንጂ ውጭ ቆሞ በመስኮት አይመልከት።

የልጆቹን ፎቶ ቻናሉ ላይ ልለጥፍ?

የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ካላችሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የልጅ መልክና ስም የግል መረጃው ነው፣ ፈቃዱም የወላጁ ወይም የአሳዳጊው ነው። በመስከረም አንድ ወረቀት አስፈርሙ፦ ለክፍሉ ቻናል ብቻ፣ ለትምህርት ቤቱ ገጽ ጭምር፣ ወይም በጭራሽ። ቴሌግራም ላይ ከቻናሉ እንዳይቀዳና እንዳይተላለፍ የሚከለክል ማስተካከያ አለ፤ አብሩት፣ ግን በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሳን ሰው አያቆምም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የማነሳው እጆችንና ሥራዎችን ነው። ጭቃ የነካ ትንሽ እጅ የሠራውን ጀበና ሲይዝ ፊት ባይኖርም እናቱ ታውቀዋለች።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ለሚጽፍ ወላጅ ልመልስ?

ልጅ ካልጠፋ ወይም ካልታመመ በቀር ጠዋት። ይህንን በመስከረም ተናገሩ፦ «ከ12 ሰዓት በኋላ የመጣ መልእክት በማግስቱ ይመለሳል።» ራሳችሁም ሌሊት አትላኩ፤ ቴሌግራም ሰዓት ቀጥሮ የሚልክ አማራጭ አለው።

ወላጆቹ ተለያይተው ቢኖሩስ?

ፍርድ ቤት የከለከለው ነገር ከሌለ ለሁለቱም እኩል። አንዱ ለሌላው ይነግራል ብላችሁ አትተዉት። ክልከላ ካለም ወረቀቱን ርዕሰ መምህሩ ይይ፤ እናንተ ዳኛ አትሁኑ።

ወተመህ እያለ ይህን ሁሉ ስም ጠሪ ለምን ይሸከማል?

የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ምገባው ይነጋገራል፤ ጥሩም ይሠራል። የዚህ ልጅ ‹ጠ› ለምን ‹ተ› እንደምትሆን ግን አያውቅም።

ጨርሶ መልስ የማይሰጥ ወላጅ ቢያጋጥመኝስ?

ንቀት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ስልኩ ተቀይሮ ይሆናል፤ በፈረቃ የሚሠራ ይሆናል። የሰርቪስ ረዳቷን፣ በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ፣ 6ኛ ክፍል ያለች እህቱን ጠይቁ፤ ማን እንደሚያደርሰውና ማን እንደሚወስደው ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ከማይመልስ ወላጅ ይልቅ እኔን ያታለለኝ ሁልጊዜ የሚመልስ ወላጅ ነው። በየቀኑ እናስፈርም በነበረበት ጊዜ፣ ያ የ«መታ» ልጅ ደብተሩ በየቀኑ ተፈርሞ ይመጣ ነበር፤ አንድም ቀን አልጎደለም። አክስቱ ትፈርማለች ብዬ አስቤ ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ከፊርማው ሥር አስተያየት ተጨምሮ አገኘሁ፦ «ትሩ ነው ቀትሉበት። አባት።» ጅቡቲ ያለ ሰው እንዴት ፈረመ ብዬ ዱካውን ብከተል፣ አክስትየው ማታ 3 ሰዓት ነው የምትገባው፤ ደብተሩን አይታው አታውቅም።

ልጁን አልጠራሁትም። ከሥሩ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «እናመሰግናለን አባት። ‹ጥሩ› በ‹ጥ› ነው፤ ‹ቀጥሉበት›ም እንደዚያው» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። በማግስቱ ደብተሩ ሳይፈረም መጣ፤ ሁለቱም ቃላት ግን ተስተካክለው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ተጽፈው ነበር።